ቃላቸው ሕግ የነበረው ንጉሠ ነገሥት የዝምታ ዓመታት

የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም ሲነሣ በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው የዓድዋ ድል፣ የአዲስ አበባ መቆርቆርና የዘመናዊ አስተዳደር መጀመር ነው። የሕይወታቸው የመጨረሻ አራት ዓመታት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። በአንድ ቃላቸው ሠራዊት ያስከትቱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በእነዚያ ዓመታት በአንጎላቸው ላይ በደረሰ ሕመም ንግግራቸውን አጥተው በአልጋ ላይ ቆይተዋል።

ይህ ክስተት በአንድ ቤተሰብ ላይ የወረደ የሐዘን ታሪክ ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ሥራ ሁሉ ከአንድ ሰው አንደበት በሚጠበቅበት ዘመን የዚያ አንደበት መዘጋት የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን የሕይወት ታሪክ ከዚህ አንጻር መመልከት የሰው ልጅ አንጎል ንግግርን እንዴት እንደሚሰማና እንደሚያፈልቅ ለመረዳት ይረዳል። ተቋማት ለምን በአንድ ግለሰብ ጤንነት ላይ ብቻ ሊመሠረቱ እንደማይገባም ያሳያል።

የኋላው ምኒልክ፣ የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋ ንጉሥ፣ አያታቸውም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በዘመቱበት ወቅት ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም አረፉ። የአሥራ አንድ ዓመቱ አልጋ ወራሽም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ።

በመቅደላ ያሳለፏቸው አሥር ያህል ዓመታት የግዞት ብቻ ሳይሆኑ የትምህርትም ጊዜ እንደነበሩ ይታመናል። አፄ ቴዎድሮስ በእንክብካቤ አሳደጓቸው፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ወጣቱ ልዑል የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚመራ፣ ትእዛዝ እንዴት እንደሚወጣና እንዴትስ እንደሚሻር ከቅርብ ለማየት ችለዋል።

ምኒልክ በመቅደላ አምባ በነበሩበት በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም.፣ ፖል ብሮካ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል አንድ በሽተኛ ይመረምሩ ነበር። በሽተኛው ከሃያ ዓመት በላይ በሆስፒታሉ የኖረ ሲሆን ከአንድ ክፍለ ቃል በስተቀር ሌላ መናገር አይችልም ነበር። ሰዎች የሚሉትን ግን በአብዛኛው ይረዳ ነበር። ሰውየው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምረው በግራው የፊት ክፍል ጉዳት መኖሩን አረጋገጡ። ንግግር በአንጎል ውስጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው በሚገባ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ግኝት ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለደረሰው ነገር ዋነኛ ማስረጃ እንደሚሆን በዚያን ጊዜ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለሃያ አራት ዓመታት ያህል በሸዋ ነግሠው ግዛታቸውን አስፍተዋል። በ1875 ዓ.ም. ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር ተጋቡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሲወድቁ የንጉሠ ነገሥትነቱን ሥልጣን ያዙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት በአብዛኛው የሚሠራው በቃል ነበር። አዋጅ በነጋሪት ተጎስሞ በገበያና በአደባባይ ይነገራል፤ ሕዝቡም በጆሮው ሰምቶ ለሌላው ያስተላልፋል። የቤተ መንግሥቱ የማዕረግ ስሞች ራሳቸው ይህንኑ ይመሰክራሉ። የዳኝነቱ የበላይ አፈ ንጉሥ ይባላል፤ ትርጉሙም የንጉሡ አፍ ማለት ነው። የንጉሡን ቃል በጽሑፍ የሚያወጣው ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ነው። አፉም ሆነ ብዕሩ የንጉሡ ነው፤ ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት ከአንድ ምንጭ በሚወጣ ቃል ነበር።

የዚህ አሠራር ኃይል ጎልቶ የታየው በመስከረም 1888 ዓ.ም. በወጣው የክተት አዋጅ ነው። አዋጁ በየአውራጃው ተሰምቶ በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሠራዊት ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል የመሪዎችና የተዋጊዎች ጀግንነት ውጤት ነው። በድምፅ የተላለፈ ትእዛዝ ሰፊ አገርን ማንቀሳቀስ እንደሚችልም አረጋግጧል።

ለጦርነቱ መነሻ የሆነውም የቋንቋ ጉዳይ መሆኑ አይዘነጋም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ብትፈልግ በጣሊያን መንግሥት በኩል ማድረግ እንደምትችል ይገልጻል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎ ጽፎታል። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ግሥ ልዩነት ውስጥ የተሸሸገውን የሉዓላዊነት ጥያቄ ተረድተው ውሉን አፍርሰዋል። የቃልን ክብደት በሚገባ የሚያውቁ መሪ እንደነበሩ ይህ ብቻውን በቂ ምስክር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ለአዳዲስ የሥልጣኔ ውጤቶች ልዩ ፍቅር እንደነበራቸው የታወቀ ነው። ፖስታ፣ ባንክ፣ የምድር ባቡርና የቧንቧ ውኃ በእርሳቸው ዘመን ተጀምረዋል። ከሁሉም በላይ ግን ድምፅን ወደ ሩቅ የሚያደርሱ መሣሪያዎች ቀልባቸውን ይስቡት ነበር። በ1880ዎቹ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው ቴሌፎን በአንዳንድ የቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ጥርጣሬ ቢያስነሣም እርሳቸው አልተቀበሉትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አዲስ አበባን ከሐረርና ከሌሎች አውራጃዎች ጋር የሚያገናኝ መስመር ተዘርግቶ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ከመልእክተኛ እግር ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ መጣ።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ። የንግሥቲቱ ድምፅ በአዲስ አበባ ሲሰማ ለክብሩ መድፍ ተተኩሷል። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ መሠረት ቅጂው እንዲሰበር ተደርጓል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. ድምፃቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ አስቀርጸው መልስ ሰጡ። ይህ ቅጂ ከጥፋት ተርፎ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ይገኛል። በሕይወታቸው መጨረሻ ንግግር የተለያቸው ንጉሠ ነገሥት፣ በተቀረጸ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከሚሰሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ መሆናቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ፎኖግራፍ የአየርን ርግብግቢት በሰም ላይ ጭሮ መልሶ ያሰማል እንጂ የሚሰማውን አይረዳም። በሰው ዘንድ ግን መስማትና መረዳት ሁለት የተለያዩ፣ ነገር ግን የተሳሰሩ ሥራዎች ናቸው። ድምፅ በአየር ተጉዞ የጆሮን ታምቡር ይመታል። ንዝረቱን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተቀብለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለውና በፈሳሽ ወደተሞላው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያስተላልፋሉ። በዚያ የሚገኙ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ህዋሳት ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። ቀጭን ድምፅ በቅርፊቱ መግቢያ፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ በጫፉ በኩል ስለሚለይ ገና ከጆሮ ሳይወጣ ድምፁ በየዓይነቱ ይከፋፈላል።

ከዚያ በኋላ መልእክቱ በመስማት ነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያም ከጆሮ በላይ ወዳለው የጎን አንጎል ክፍል ያመራል። ከእያንዳንዱ ጆሮ የሚነሣው መልእክት ለግራውም ለቀኙም የአንጎል ክፍል ይደርሳል። በመሆኑም የአንጎል አንደኛው ጎን ብቻ ቢጎዳ ሰው ፈጽሞ አይደነቁርም። ድምፅን ወደ ቃል፣ ቃልን ወደ ትርጉም የመለወጡ ሥራ ግን በአብዛኛው ሰው ዘንድ ወደ ግራው አንጎል ያደላል።

የዚህ ሥራ ረቂቅነት በአማርኛ ቋንቋ በቀላሉ ይታያል። አለ የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ሲሆን ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። ዋና የሚለው ቃልም ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍን፣ ሲጠብቅ የበላይ የሆነውን ነገር ይገልጻል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ፊደል ከሰኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ በሚያህል ጊዜ ረዘም ማለቱ ብቻ ነው። አማርኛን ከልጅነቱ የሰማ ሰው አንጎል ይህንን ልዩነት ሳያስብበት ይለያል፤ ቋንቋውን በጉልምስና የሚማር የውጭ አገር ሰው ግን ለመለየት ብዙ ይደክማል። የሰው ጆሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን የሚለየው ከጆሮ በስተጀርባ ያለው አንጎል የለመደው ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት የብሮካን ግኝት አሟልተዋል። ገና የ26 ዓመት ወጣት የነበሩት እኚህ ሐኪም፣ ከጆሮ በላይ ባለው የግራ አንጎል የኋለኛ ክፍል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ሳይደናቀፉ እንደሚናገሩ፣ ንግግራቸው ግን ትርጉም እንደሚያጣና የሌላውን ሰው ቃል ለመረዳት እንደሚቸገሩ አሳዩ። በዚህም የመናገርና የመረዳት ስፍራዎች የተለያዩ መሆናቸው ታወቀ።

የኋለኛው ዘመን ሳይንስ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም የሰፋ መሆኑን አረጋግጧል። የብሮካ በሽተኛ አንጎል በፓሪስ ተጠብቆ ስለቆየ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት በዘመናዊ የምርመራ መሣሪያ እንደገና ታይቷል። ጉዳቱም ብሮካ በዓይናቸው ካዩት እጅግ የጠለቀና የአንጎልን የተለያዩ ክፍሎች የሚያገናኙ የነርቭ መስመሮችን የነካ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ንግግር በአንድ ነጥብ ላይ የሚቀመጥ ሳይሆን ብዙ ክፍሎች እየተቀባበሉ የሚያከናውኑት ሥራ መሆኑ ይታወቃል። አንደኛው መስመር የተሰማውን ድምፅ ከትርጉሙ ጋር ሲያገናኝ ሌላው ደግሞ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ እንቅስቃሴን ከሚመራው ክፍል ጋር ያገናኘዋል።

የአፄ ምኒልክ ጤንነት መታወክ የጀመረው በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ታማኝ የሥራ ተባባሪያቸውና የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን በማረፋቸው ከባድ ሐዘን ደረሰባቸው። ራስ መኮንን በብዙዎች ዘንድ ለወራሽነት ይታሰቡ ስለነበር ሞታቸው የመንግሥቱን የወደፊት ዕጣ ጭምር አጠያያቂ አደረገው። ንጉሠ ነገሥቱን የመጀመሪያው የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያገኛቸውም በዚሁ ጊዜ አካባቢ ነው።

የውጭ ኃይሎችም ሁኔታውን በንቃት ይከታተሉ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. በለንደን የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት የኢትዮጵያን ነፃነት እንደሚያከብሩ ቢገልጽም፣ በአገሪቱ ሁከት ቢነሣ እያንዳንዳቸው ጥቅማቸውን የሚያስከብሩበትን ክልል ለይቶ ነበር። በሌላ አነጋገር የንጉሠ ነገሥቱ ጤንነት በአውሮፓ ካቢኔዎች ዘንድ የካርታ ጉዳይ ሆኖ ነበር። አፄ ምኒልክ ስምምነቱ ሲደርሳቸው የኢትዮጵያን ሉዓላዊ ሥልጣን የሚገድብ ምንም ነገር እንደማይቀበሉ አሳውቀዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ አደጋውን በመረዳት ሁለት ታላላቅ እርምጃዎችን ወሰዱ። የመጀመሪያው በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሹመት ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ በፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ በጽሕፈት፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በንግድና በውጭ ጉዳይ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ በገንዘብ፣ ሌሎችም በየዘርፋቸው ተሾሙ። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ሹመት ሥራን ከንጉሡ አንደበት ወደ ሥራ ክፍሎች የማሸጋገር የመጀመሪያው ሙከራ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ ወራሽን ማሳወቅ ነው። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አደረጉ፤ ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሞግዚትነት ተመደቡ።

እነዚህ እርምጃዎች በጊዜ መወሰዳቸው የንጉሠ ነገሥቱን አርቆ አሳቢነት ያሳያል። ምክንያቱም በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ የአንጎል ሕመም ደረሰባቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸውም ተዘጋ። የወራሹ ጉዳይ በዚያው ወር ለሕዝብ በይፋ ሲታወጅ፣ ወራሹን የሚክድ ሁሉ እንዲረገም የሚያዘው ቃል የተሰማው በአዋጅ ነጋሪ አንደበት ነበር። የቃሉ ባለቤት እንደገና ሊደግሙት አይችሉም ነበር።

የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል በፍጥነት ይሞታል። የተጎዳው ክፍል የምላስንና የከንፈርን እንቅስቃሴ የሚመራው ብቻ ከሆነ ሰውየው የሚናገረውን ቃል ያውቃል፤ አጥርቶ ማውጣት ግን ይሳነዋል። ጉዳቱ የቋንቋን ስፍራ ከነካ ግን ቃሉ ራሱ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ በአፍ መናገር ቀርቶ መጻፍም ያዳግታል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በዙሪያው ያሉ ሰዎች የሚናገር ሰው ሳያዩ የሚሰማ ሰውም የለም ብለው መገመታቸው ነው። ብሮካ በሽተኛቸውን ሲመረምሩ እንዳረጋገጡት ግን ንግግሩ የጠፋ ሰው የሚሰማውን ሁሉ ሊረዳ፣ ሊያዝንና ሊቆጣ ይችላል። ዝምታ አለመኖር አይደለም።

በቤተ መንግሥቱ የታየው ግን ዝምታን እንደ ክፍት ቦታ የመቁጠር ሁኔታ ነበር። ለበርካታ ዓመታት የቅርብ አማካሪ ሆነው የቆዩት እቴጌ ጣይቱ የሥራውን ልጓም ያዙ፤ ሹመትና ሽረትም በእርሳቸው ፈቃድ ይካሄድ ጀመር። ይህ ያላስደሰታቸው የሸዋ መኳንንትና ሹማምንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተባብረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁና ባላቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ አደረጉ። እቴጌ ጣይቱም ንጉሠ ነገሥቱ እስካረፉበት ቀን ድረስ ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። የሥልጣን ታሪካቸው በክርክር የተሞላ ቢሆንም በአስታማሚነታቸው ግን ብዙዎች ይመሰክሩላቸዋል።

ሕክምናውም ቢሆን ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። የውጭ አገር ሐኪሞች ተጠርተዋል፤ ጸሎትና ጸበልም አልተቋረጠም። ሆኖም በዚያ ዘመን በአውሮፓ ታላላቅ ሆስፒታሎች እንኳ የተዘጋን የአንጎል ደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች ብሮካና ቬርኒኬ ባወረሷቸው እውቀት ጉዳቱ የት እንደደረሰ መገመት ይችላሉ እንጂ ሊፈውሱት አይችሉም ነበር።

በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በድንገት አረፉ። ወራሹ ልጅ ኢያሱ በሌላ ሞግዚት መተዳደር ባለመፈለጋቸው ሥልጣኑን ራሳቸው መያዝ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ስለነበሩ ግን ዘውድ ሊደፉ አልቻሉም። አገሪቱ የማይናገር ንጉሠ ነገሥትና ያልነገሠ ወራሽ ኖሯት ቆየች። በየአውራጃው ንጉሠ ነገሥቱ አርፈዋል የሚል ወሬ በተደጋጋሚ ይነዛ ነበር። ድምፃቸውን ሰምቶ እንደሚኖሩ ማረጋገጥ የሚችል ሰው ባለመኖሩም ወሬውን ማጥፋት አዳጋች ነበር። ያም ሆኖ መንግሥቱ አልፈረሰም። በ1900 ዓ.ም. የተሾሙት ሚኒስትሮች፣ በተለይም ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ማዕከሉን በመጠበቅ ከፍተኛ ድርሻ አበርክተዋል። በለንደን ለሁከት ጊዜ የታሰበው የክፍፍል ዕቅድም በተግባር ላይ የሚውልበት አጋጣሚ አላገኘም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም፤ ለእንዲህ ያለ ንጉሠ ነገሥት የሚገባው ለቅሶና የቀብር ሥነ ሥርዓትም በወቅቱ አልተደረገም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በምስጢር ተቀምጦ ቆየ። ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በነገሡበት ዘመን ለአባታቸው መታሰቢያ የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። አፅማቸውም በዚያ በክብር አርፏል። እቴጌ ጣይቱም በ1910 ዓ.ም. አርፈው ኋላ አፅማቸው ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጧል።

ንጉሠ ነገሥቱ በቴሌፎንና በፎኖግራፍ የጀመሩት ድምፅን ወደ ሩቅ የማድረስ ጥረት ከእርሳቸው በኋላ ቀጥሏል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ስም በሚጠራው ክፍለ ከተማ አካባቢ፣ በአቃቂ የተሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በጣሊያን ወረራ ዋዜማም የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ለማሰማት አገልግሏል። በነጋሪት ይተላለፍ የነበረው የመንግሥት ቃል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ለመሰማት በቃ።

በሕክምናው ረገድም ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የተዘጋን የአንጎል ደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከተሰጠ ጉዳቱን ሊቀንስ እንደሚችል ተረጋግጧል። በዚህ ዓይነቱ ሕመም በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ህዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል፤ በመሆኑም ጊዜ ወሳኝ ነው። የፊት አንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛልና የንግግር መኮላተፍ በድንገት ከታዩ በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ለሕመሙ ዋነኛ መንስኤ የሆነው የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ ነው። ስለሆነም ረጅም ሰዓት ተቀምጠው የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ግፊታቸውን በየጊዜው መለካትና የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ እንዳለባቸው የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ንግግራቸውን ያጡ ሰዎችም እንደ ቀድሞው ተስፋ የሚቆረጥባቸው አይደሉም። አንጎል የተጎዳውን ሥራ ለሌላ ክፍል የማስተላለፍ ችሎታ ስላለው፣ በትዕግሥት በሚሰጥ የንግግር ልምምድ ብዙዎች ቃላቸውን በከፊል ያስመልሳሉ። መናገር ያቃታቸው አንዳንዶች የሚያውቁትን ዜማ ከነቃሉ ሲያዜሙ ይታያሉ። አስታማሚ በቀስታና በአጭር ዓረፍተ ነገር መናገሩ፣ መልስ ለማግኘት በቂ ጊዜ መስጠቱና በሽተኛውን እንደሌለ ቆጥሮ በፊቱ ስለ እርሱ አለመነጋገሩ ከመድኃኒት ባልተናነሰ ይጠቅማል።

የአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት የሚተዉት ትምህርት በዚህ አያበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ አንደበታቸው ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ሥራን ለሥራ ክፍሎች፣ ኃላፊነትን ለተሿሚዎች ማከፋፈል ባይጀምሩ ኖሮ የዝምታቸው ዘመን ለአገሪቱ ከዚያ የከፋ ሊሆን በቻለ ነበር። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የተሾሙት ጥቂት ሰዎች ቢሮም ሆነ የሠለጠነ ሠራተኛ ያልነበራቸው ቢሆኑም፣ የአንድ ሰው ቃል ሲቋረጥ የመንግሥት ሥራ እንዳይቋረጥ ለማድረግ የተጣለ መሠረት ነበሩ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያዝ መዝገብ፣ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤና የሚሰጥ ውክልና የዚያ ጅምር ቀጣይ ናቸው።